የዝዋይ ወይንና የማረቆ በርበሬ በአንድ ገበታ

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኙን አስተውሎ ከተመለከተ፣ የአንድ የዶሮ ወጥ ማሰናጃ በየተራ ሲያልፈው ያያል። በመቂ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ከመንገዱ ይታያል። ከባቱ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ ከዝዋይ፣ በስተምዕራብ ማረቆ አለ፤ ስሙ ከበርበሬው ተለይቶ አይጠራም። በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታየው የአርሲ ደጋ ደግሞ የከብትና የቅቤ አገር ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙ ናቸው ማለት ነው።

በእነዚህ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ አጠገብ፣ በረድፍ የተተከለ ሰፊ የወይን እርሻ ተንጣሎ ይታያል። በርበሬውና ወይኑ በመሬት ጎረቤታሞች ናቸው። በገበታ ላይ ግን ገና እንግዳ ለእንግዳ እንደሆኑ ነው። በዓል መጥቶ ዶሮው ተሠርቶ፣ ለእንግዳ ክብር ተብሎ ወይን ጠጅ ሲከፈት፣ ብዙዎች አንድ ጉርሻና አንድ ጉንጭ ከቀመሱ በኋላ ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወደ ጠላው ወይም ወደ ቢራው ይመለሳሉ። “ወይን ጠጅ ከወጥ ጋር አይሄድም” የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ አባባል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የወይን ጠጅ ዋነኛ ገበያ የአገሩ ሕዝብ ገበታ ነውና፣ መጠጡ ከገበታው ካልተስማማ ጉዳቱ ከጠማቂው አልፎ ወይኑን ከሚያለማው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ወይንና በርበሬ የማይስማሙት ለምን እንደሆነ፣ የሚስማሙበት መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ ሥራውም ከማሳ ጀምሮ እንዴት መያዝ እንዳለበት ለውድ አንባቢያን እናቀርባለን።

ማቃጠል ጣዕም አይደለም

በመጀመሪያ በርበሬ በአፍ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይበጃል። ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣና መራራ በምላስ የሚለዩ ጣዕሞች ናቸው። የበርበሬ ማቃጠል ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። በርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በአፍ ውስጥ የሚገኙትን፣ ትኩስ ነገር ሲነካን “ተቃጠልን” ብለው መልእክት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ይቀሰቅሳል። ወጡ ቀዝቅዞም ቢሆን አፍ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ካፕሳይሲን በውሃ የሚሟሟ ነገር አይደለም ማለት ይቻላል። ያቃጠለው ሰው ውሃ ቢደጋግም ለጊዜው ይቀዘቅዝለታል እንጂ ማቃጠሉ አይጠፋለትም። በስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። በወጥ ላይ ቅቤ፣ በክትፎ አጠገብ አይብ መኖሩ ለጌጥ የመጣ ልማድ አይደለም፤ ቅቤው ካፕሳይሲኑን ይይዘዋል፣ አይቡም ከምላስ ላይ ያነሣዋል።

አሁን ወደ መጠጡ እንመለስ። በወይን ጠጅ ውስጥ ከበርበሬ ጋር የሚጋጩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አልኮሉ ነው። አልኮል ራሱ እነዚያኑ ነርቮች የሚቀሰቅስ በመሆኑ፣ መጠጡ በጠነከረ መጠን የበርበሬው ማቃጠል ይብሳል። ሁለተኛው ታኒን የሚባለው ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው፣ እንዲሁም መጠጡ በእንጨት በርሜል ከቆየ ከእንጨቱ የሚመጣ፣ አፍን የሚያደርቅና ድድን ጭምድድ የሚያደርግ ባሕርይ ነው። በበርበሬ የተቆጣ አፍ ታኒን ሲጨመርበት ድርቀቱና ምሬቱ እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል። እንግዲህ ጠንካራ፣ ደረቅና በበርሜል የቆየ ቀይ ወይን ጠጅ ለብቻው ሲቀመስ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ ከቀይ ወጥ ጋር ሲቀርብ የሚጠላው በዚህ ነው።

የሚያስታርቁም ነገሮች አሉ። ጥቂት ጣፋጭነት የበርበሬውን ቁጣ ያበርዳል። መጠጡ ቀዝቀዝ ማለቱም እንዲሁ ይረዳል። ኮምጣጣነት ደግሞ የቅቤውን ክብደት ቆርጦ አፍን ያጥባል። እዚህ ላይ ለእኛ ገበታ የተለየ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እንጀራ ነው። የእንጀራ እርሾ የሚሰጠው ኮምጣጣ ጣዕም በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ስላለ፣ የኮምጣጣነት ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ወይን ጠጅ ከእንጀራ ጋር ሲጠጣ ጣዕም አልባ ይሆናል። ለእኛ ምግብ የሚመች ወይን ጠጅ እንግዲህ አልኮሉ ያልበረታ፣ ታኒኑ የለዘበ፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ ኮምጣጣነቱም እንጀራውን የሚመጥን መሆን አለበት።

እናቶች ቀድመው ያወቁት

ይህ ሁሉ እንደ አዲስ ግኝት ሊቆጠር አይገባውም። ባለሙያ እናቶች ጠጅ ሲጥሉ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። “ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ” የሚባለው ጠጅ ከበርበሬ ወጥ ጋር ሆኖ ለዘመናት ገበታውን የመራው በአጋጣሚ አይደለም።

ጠጅ የሚጣለው አንድ እጅ ማር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውሃ ጋር ተበርዞ ነው። ሰፈፉ ተገፎ ይወጣል፤ ብርዙ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ጌሾው፣ ለጠላ ቅጠሉ እንደሚመረጥ ሁሉ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጥና፣ ይጨመርበታል። ከዚያም እንደ አገሩ ሙቀትና እንደ ጣይዋ ልማድ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። የቆየበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ማሩ ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮል ስላልተለወጠ ጠጁ ለስላሳና ጣፋጭ ይሆናል። በቆየ ቁጥር ደግሞ ጣፋጭነቱ እየሟጠጠ አልኮሉ ይበረታል። በየጠጅ ቤቱ “ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ” ተብሎ የሚለየው ይኸው ነው።

እንግዲህ ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን መለኪያ በጠጅ ላይ ብናሳርፈው ሁሉም ይሟላል። ጣፋጭነቱ ከማሩ፣ ኮምጣጣነቱ ከመብላላቱ፣ የምግቡን ቅባት የሚቆርጠው ቀላል ምሬት ከጌሾው ይመጣል። ከወይን ልጣጭ የሚመጣው ድርቀት የለበትም። ነገር ግን እዚህም ምርጫ አለ። ደረቅ ጠጅ አልኮሉ ስለሚበረታና ምሬቱ ስለሚያይል ከሚጥሚጣ ጋር ሲቀርብ ያባብሳል፤ ለቁርጥና ለጥብስ ይሻላል። ለዶሮ ወጥ መካከለኛው፣ ለክትፎና በጣም ለሚያቃጥል ቀይ ወጥ ደግሞ ለስላሳው ይመረጣል። አልኮል ለማይጠጣ ሰው ጌሾ ያልገባበትና ያልተብላላ ብርዝ ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

በገበያ ላይ ግን የጠጅ ስም ይዞ ስኳርና ቀለም የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ስኳር ከማር ስለሚረክስ ማሩን በስኳር መተካት ትርፍ ያስገኛል። እንዲህ ያለው መጠጥ የማሩ መዓዛና ልስላሴ ስለሌለው ከወጥ ጋር ሲጠጣ አልኮሉና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ንብ አንቢው ነው። በአገራችን ከሚመረተው ማር አብዛኛው ለጠጅ የሚውል በመሆኑ፣ በጠጅ ጋን ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ኪሎ ስኳር ከንብ አንቢው ቀፎ ላይ የተቀነሰ ገበያ ነው።

ከአዋሽ እስከ ዝዋይ

ወይን በአገራችን ስሙ የጥንት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ለገበያ የሚሆን ወይን ጠጅ በፋብሪካ ማዘጋጀት የተጀመረው ግን ባለፈው የአውሮፓውያን ምእተ ዓመት ውስጥ ነው። በንጉሡ ዘመን የተቋቋመው አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ በደርግ ዘመን በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ በኋላ ወደ ግል ተዛውሯል። ጉደር የተባለው ቀይ፣ አክሱሚት የተባለው ጣፋጭ ቀይ፣ አዋሽ ክሪስታል የተባለውም ነጭ ወይን ጠጅ ከዚሁ ፋብሪካ ወጥተው በብዙ ቤት የሠርግና የበዓል መጠጥ ለመሆን በቅተዋል። በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ በመርቲ አካባቢም ለዚሁ ሥራ ወይን ሲለማ ቆይቷል።

በዝዋይ የተከናወነው ሥራ ከዚህ የቀረበ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከአገሩ ያስመጣቸውን ችግኞች ከ100 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ አስተከለ። ከተተከሉትም ዝርያዎች ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ይገኙባቸዋል። ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ ወደ ማሳው እንዳይዘልቁ ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ ቀረቡ። ከአካሺያ መካከል መካከለኛ ጣፋጭነት ያለው ቀይ ወይን ጠጅ መዘጋጀቱ፣ ጠማቂዎቹም የአገሩን አፍ ማዳመጥ እንደጀመሩ የሚያስረዳ ነው።

የቦታው አመራረጥም ትምህርት ይሰጣል። የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ወይኑን ያበስላል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል የፍሬው ኮምጣጣነት በአንድ ጊዜ እንዳይጠፋ ይከላከላል። ይህ ኮምጣጣነት ለእንጀራ ገበታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከላይ ተመልክተናል።

የትኛው ከየትኛው?

ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ማንኛውም ቤተሰብ ያለ ብዙ ወጪ ሊሞክረው የሚችል ነው።

ዶሮ ወጥ፦ በዶሮ ወጥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቁላላው ሽንኩርት የራሱ ጣፋጭነት ስላለው ከመካከለኛ ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ጋር ይግባባል። ቀይ ወይን ጠጅ በሞቀ ቤት እንደተቀመጠ ከመቅረብ ይልቅ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠርሙሱን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚመታው ጥላ ሥር ማስቀመጥ በቂ ነው።

ክትፎ፦ ቅቤውና አይቡ የሚጥሚጣውን ኃይል ስለሚያበርዱለት፣ ሮዝ ቀለም ያለው ወይም ታኒኑ የለዘበ ቀዝቃዛ ቀይ ይስማማዋል። ደረቅና ጠንካራ ቀይ ግን ከሚጥሚጣ ጋር ባይገናኝ ይመረጣል።

ጥብስና ቁርጥ፦ በርበሬ ያልበዛበት ጥብስ ለደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ ትክክለኛ ቦታው ነው። የሥጋው ስብና ጨው ታኒኑን ያለዝበዋል። ከካበርኔ ሶቪኞን ወይም ከሲራ የተዘጋጀውን እዚህ ላይ ማውጣት ነው። አዋዜው ሲበዛ ግን ወደ ለስላሳው መመለስ ያሻል።

አልጫ፦ በርበሬ የሌለው፣ በእርድና በዝንጅብል የተሠራ አልጫ ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅን ያለ ችግር ይቀበላል።

የዝዋይ አሣ፦ ተጠብሶ በዳጣ የሚበላ ቆሮሶ ቀዝቃዛ ነጭ ወይን ጠጅ ይፈልጋል። ነጩ ወይን ጠጅ ጥቂት ጣፋጭነት ካለው ለዳጣው ይበልጥ ይመቻል።

የጾም ወጥ፦ ቅቤ የሌለው ምስር ወጥና ሽሮ፣ ዘይቱም ካነሰበት፣ ማቃጠሉን የሚይዝለት ስብ ስለማይኖረው ከሥጋው ወጥ ይልቅ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚህ ጋር ለስላሳ ጠጅ ወይም ብርዝ ወይም ጣፋጭነት ያለው ነጭ ወይን ጠጅ ይሻላል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ሦስት ብርጭቆ ያሰናዳ። በአንዱ ደረቅ ቀይ፣ በሁለተኛው መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ፣ በሦስተኛው ለስላሳ ጠጅ በጥቂቱ ይቅዳ። አንድ ጉርሻ ወጥ ጎርሶ ከአንዱ ይቅመስ፤ አፉ እስኪበርድ ጥቂት ታግሦ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ልዩነቱ ማስረጃ የሚያሻው አይሆንም። መጠኑ ግን ለመቅመስ ያህል መሆን እንዳለበት ማሳሰብ ተገቢ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከማሳው ነው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠጪው ነው። ይሁን እንጂ ወይን ጠጅ ለስላሳ ወይም ጠንካራ የሚሆነው በአብዛኛው ገና በማሳ ላይ እያለ ነው። የወይን ፍሬ በበሰለ ቁጥር ስኳሩ እየጨመረ፣ ኮምጣጣነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ የሚገኝ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ ከመቶ አንድ እጅ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ በሊትር 200 ግራም ስኳር ይዞ የተለቀመ ወይን እስከ መጨረሻው ቢብላላ 12 ከመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል። 240 ግራም እስኪይዝ ከቆየ ወደ 14 ከመቶ ይደርሳል። በቆላ አየር አንድ ሳምንት መዘግየት ለበርበሬ ገበታ የሚመቸውን ወይን ወደማይመቸው ሊለውጠው ይችላል።

በአገራችን አየር ወይን እንደ አውሮፓ በበረዶ ወራት ቅጠሉን አራግፎ አያንቀላፋም። የፍሬውን ጊዜ የሚወስነው የመግረዝ ሥራ ነው። አልሚው የሚገርዝበትን ወር በማስላት ፍሬው በክረምት ዝናብ ወቅት ሳይሆን በደረቁ ወራት እንዲደርስ ማድረግ ይችላል። ይህን ያላስተዋለ አልሚ ፍሬው ዝናብ ያገኘውና በሻጋታ በሽታ ይጠፋበታል። ቅጠሉን ከመጠን በላይ ማራገፍም ዘለላውን ለፀሐይ አጋልጦ ኮምጣጣነቱን ያጠፋል፤ እጅግ መተውም አየር ከልክሎ ሻጋታ ያመጣል። ለቀማው በማለዳ ቅዝቃዜ ተከናውኖ ፍሬው በዚያው ቀን ወደ መጭመቂያው መድረስ አለበት።

ወይን ትዕግሥት የሚጠይቅ ተክል መሆኑም ሊደበቅ አይገባም። ሽንኩርት በጥቂት ወራት ውስጥ ለገበያ ሲደርስ፣ ወይን ለሽያጭ የሚበቃ ፍሬ የሚሰጠው ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሚገባ ከተያዘ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ያፈራል። የማቆሚያ እንጨትና ሽቦ፣ የመስኖ ቧንቧና የመግረዝ ሙያ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ሽንኩርቱን ነቅሎ ወይን እንዲተክል መምከር ኃላፊነት የጎደለው ምክር ይሆናል። የሚሻለው በማሳው ጠርዝ በጥቂት ረድፍ ጀምሮ እጁን እያሠለጠነ፣ ገዢውም በጽሑፍ እየታወቀ መስፋፋት ነው። በዝዋይ ዙሪያ ደግሞ የሐይቁ ውሃ ለአትክልት፣ ለአበባ፣ ለከተማና ለዓሣ ሀብቱ የሚፈለግ በመሆኑ፣ ማንኛውም አዲስ ልማት ውሃን በጠብታ የሚቆጥብ መሆን ይኖርበታል።

ሚዛን ብቻውን አይበቃም

የነገሩ ቋጠሮ የሚገኘው በዋጋው ላይ ነው። ወይን በኪሎ ብቻ ከተገዛ፣ አምራቹ ከለቀማው በፊት ውሃ አብዝቶ ፍሬውን ማሳበጥ ይጠቅመዋል፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ ጣዕሙ ግን ይቀጥናል። በስኳሩ መጠን ብቻ ከተገዛ ደግሞ እስኪደርቅ ድረስ በሐረጉ ላይ ማቆየት ይጠቅመዋል፤ ከዚያ የሚወጣው መጠጥ ጠንካራና ኮምጣጣነት የጎደለው ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አምራቹ አልተሳሳተም፤ ያደረገው የተከፈለበትን ነው። ለገበታችን የሚስማማ ወይን ጠጅ እንዲገኝ ከተፈለገ ገዢው ስኳሩንም ኮምጣጣነቱንም አብሮ ለክቶ መክፈል አለበት። መለኪያውም በአምራቹ ፊት ሊነበብለት ይገባል። አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የራሳቸው መለኪያ መሣሪያ ቢኖራቸው ደግሞ የሚነገራቸውን ቁጥር ራሳቸው ማረጋገጥ ይችላሉ።

ለማርም ይኸው ይሠራል። ንቦቹ በሰም ያልከደኑትን ማር ቀድሞ የሚቆርጥ ንብ አንቢ ውሃ የበዛበት ማር ያገኛል። ጥሩ ማር የሚባለው የውሃ መጠኑ ከመቶ 20 እጅ የማይበልጠው ነው። ከዚያ በላይ የሆነው በማሰሮ ውስጥ እንዳለ መብላላት ይጀምራል። ይሁን እንጂ በብዙ ገበያ የበሰለውና ያልበሰለው፣ ንጹሑና ከሰፈፍ ጋር የተቀላቀለው በአንድ ዋጋ ስለሚሄድ፣ የታገሠው ካልታገሠው የሚያገኘው ብልጫ የለም። ጠጅ ጣዮች የማሩን ምንጭ ጠይቀው ለተሻለው የተሻለ ዋጋ ቢከፍሉ፣ ጠጪዎችም በጠጅ ቤት “የማር ነው ወይ?” ብለው መጠየቅን ልማድ ቢያደርጉ፣ ንብ አንቢው ቀፎውን የሚያሻሽልበት ምክንያት ያገኛል።

የበርበሬ አምራቹም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ በቀለሙም በማቃጠሉም የታወቀ ነው። በደንብ ሳይደርስ የተለቀመና በእርጥበት የተከማቸ በርበሬ ግን መዓዛው ጠፍቶ ማቃጠሉ ብቻ ይቀራል። ጥሩ በርበሬ ከኮረሪማው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ሲደለዝ የሚሰጠው መዓዛ፣ መጠጡ የሚጨብጠው ነገር እንዲያገኝ ያደርጋል። ማቃጠል ብቻ ያለው ወጥ የትኛውንም መጠጥ ይገድላል።

ገበታው ያዛል

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ወይን ጠጅ ከወጥ ጋር አይሄድም የሚባለው ትክክል አለመሆኑን ነው። የማይሄደው ለሌላ አገር ገበታ ተብሎ የተዘጋጀው ወይን ጠጅ ነው። የፈረንሳይ ገበሬ ወይኑን ሲያሳድግ የኖረው ለራሱ አይብና ለራሱ ሥጋ ነው። የእኛም አገር ወይን አልሚ የራሱን ገበታ መመልከት አለበት። እንጀራው ኮምጣጣነትን፣ በርበሬው ልስላሴን፣ ቅቤው ንጽሕናን ያዛሉ። ጠጅ ይህን ትእዛዝ ተቀብሎ ዘመናትን አስቆጥሯል። ወይን ጠጅም ከጠጅ ሊማረው የሚገባው ይኸንኑ ነው።

ጠማቂው ለለቀማው ቀን እንደሚጨነቅ ሁሉ ለአምራቹ ክፍያ ሊጨነቅ ይገባዋል። ምግብ ቤቶችም የወይን ጠጅ ዝርዝራቸውን ከወጥ ዝርዝራቸው ጋር አገናኝተው ቢያቀርቡና አስተናጋጆቻቸውን ቢያሠለጥኑ የራሳቸውን ገበያ ያሰፋሉ። ቤተሰብም በሚመጣው በዓል ጠርሙስ ወይም ብርሌ ከማንሣቱ በፊት ወጡ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አስቦ ይምረጥ። ምርጫው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከዶሮው ጋር የተስማማ አንድ ብርጭቆ ሁለተኛውን ያስጠይቃል፤ ሁለተኛው ሲጠየቅም በዝዋይ ዳር የሚገረዘው ወይን፣ በጫካው ውስጥ የሚሰቀለው ቀፎ፣ በማረቆ የሚሰጣው በርበሬ እያንዳንዱ ገዢ ያገኛል። ጎረቤታሞቹ በማሳ ብቻ ሳይሆን በገበታም የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው።